ብፅዓት መድኃኒት የጀመረችበት ሳምንት

እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2017፣ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ኂሩት ለልጇ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጠቻት። ሰዓቱን የምታስታውሰው መድኃኒቱን ያስጀመረቻት ነርስ በሰጠቻት ወረቀት ላይ ራሷ ስለጻፈችው ነው። ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ፣ መርፌ በሌላት ትንሽ ስሪንጅ፣ በጉንጯ በኩል። ብፅዓት ስድስት ዓመቷ ነበር። ዋጠችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ከወንበሩ ወረደች፤ በአንድ እግሯ ብቻ ካልሲ አድርጋ ከመስኮቱ ወደ ፍሪጁ፣ ከፍሪጁ ወደ አባቷ ጀርባ ሄደች። ይህን ሁሉ ስታደርግ እያወራች ነበር። ከነቃችበት እስክትተኛ አፏ አያርፍም።

እዚህ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ቅጹ፣ ቀጠሮው፣ ከትምህርት ቤት የሚላከው ደብዳቤ አያልቅም ነበር። ኤዲኤችዲ የሚሉት፣ ልጅን መቀመጥና ማዳመጥ የሚነሳው ችግር መሆኑ ከታወቀ በኋላም ኂሩት አመነታች። በቤተ ክርስቲያን እንደ እናት የምታያቸው ወይዘሮ አልታየሽ ጸበል ይዘውላት ዊልስደን ያለው ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ ልጅቷ ላይ ረጭተው፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት ልጅን ያደነዝዛል ብለዋት ሄዱ። ያ ንግግር ከሆዷ አልወጣም። በገዛ እጄ ልጄን አጠፋት ይሆን እያለች ነው ስሪንጇን ያነሳችው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ፓርክ ሮያል ካለው የሳንድዊች ፋብሪካ ስትመለስ ብፅዓትን ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። ከትምህርት ቤት ያመጣት አባቷ ሔኖክ ነው፤ ሚኒካብ የሚባለውን ታክሲ ስለሚነዳ ከሰዓት በኋላ የእሱ ተራ ነው።

«ዛሬ ምን ተማርሽ?» አለቻት።

«ምንም።»

ኂሩት ልጇ በአንድ ቃል ስትመልስ ሰምታ አታውቅም።

ማክሰኞ መምህርቷ ደስ ብሏት ነበር። ብፅዓት ተረቱ ሲነበብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አዳመጠች አለች። ኂሩት ይህን ስትሰማ ደስታም ፍርሃትም መጣባት፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን አላወቀችም። ማታ ልጅቷ ራቷን አልነካችም። ረቡዕ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ይዛ ስታለቅስ አገኘቻት። ሆድሽን ነው? ራስሽን? ትምህርት ቤት የነካሽ ሰው አለ? ለሁሉም አይደለም በሚል ጭንቅላቷን ነቀነቀች እንጂ እጇን ከአፏ አላነሳችም።

ነርሷ ጋ ደወለች። ነርሷ ቀስ ብላ አስረዳቻት፤ ይህ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምግብ ፍላጎት ሊቀንስ፣ ልጅ ሊነጫነጭ ወይም ሊከፋው ይችላል። እንግዲህ ሥራውን ጀምሯል ወይስ አልጀመረም? ኂሩት አልገባትም። ቀጥላ ነርሷ ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር እንዳለ ጠየቀቻት።

«ምንም የተለወጠ የለም» አለች ኂሩት።

ሔኖክ አጠገቧ ቆሞ ሳህን እያጠበ ነበር። ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተው።

ሐሙስ አዲስ አበባ እናቷ ጋ ደወለች። እኔም ልጅ ሆኜ እንዲህ ነበርኩ ወይ ብላ ልትጠይቃቸው ፈልጋ ነበር። ስልኩ አይነሳም። ሔኖክ ኔትወርኩ ሰሞኑን ተበላሽቷል፣ እሁድ ትደውያለሽ አላት። መድኃኒቱን ላቁመው ስትለውም «እስከ ቅዳሜ ታገሺ፣ ኂሩቴ» አለ። ለምን ቅዳሜ እንደሆነ ብትጠይቀው የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ። እንቢም እሺም አለማለቱ አናደዳት፤ ልጅቷ የእሱም እኮ ናት።

ዓርብ ማታ ብፅዓት ልብሷን ሳታወልቅ ተኛች። ኂሩት ጠርሙሱን ከቁም ሳጥኑ አወረደችና ያለውን ሁሉ ሲንኩ ውስጥ ደፋችው።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሔኖክ ለብሶ ተዘጋጅቶ ነበር። ወይዘሮ አልታየሽ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሽማግሌ አቶ ሳህሌና ሌሎች ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከታትለው ገቡ። ኂሩት ነጠላውን እያየች አላየችውም። በመድኃኒቱ ጉዳይ ሔኖክ ሽማግሌ የሰበሰበባት መሰላት። ገና ሳይቀመጡ ቀደመቻቸው።

«አቁሜዋለሁ፣ ትናንት ደፍቼዋለሁ። ከእንግዲህ አልሰጣትም።»

እንግዶቹ ተያዩ። አቶ ሳህሌ መንገድ ላይ ሲያሰናዱት የመጡት ንግግር ጠፋባቸው።

«ምኑን ነው የደፋሽው፣ ልጄ?» አሉ።

ወይዘሮ አልታየሽ ሁለት እጇን ያዟት። «ስለ ልጅሽ አይደለም የመጣነው። እናትሽ አርፈዋል፣ ኂሩትዬ።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ያረፉት ሰኞ ነበር፤ ማክሰኞ ተቀብረዋል። የኂሩት ወንድም ዘርይሁን ለሔኖክ ደውሎ ነግሮት፣ በሥራ ቀን ብቻዋን እንዳትሰማ፣ ቅዳሜ ሰው ባለበት መርዶው ይነገራት ብለው ተስማሙ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ለቅሶው ገና ሲጀመር ብፅዓት በፒጃማዋ ከደረጃው ወረደች። በሚያለቅሱት መካከል አልፋ አባቷ ጋ ደረሰች።

«አባዬ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው አይደል? አሁን ማውራት እችላለሁ?»

እሺ እስኪላት አልጠበቀችም። አጎቷ በመኪናው ስፒከር ሲያለቅስ ከኋላ ወንበር ሆና መስማቷን፣ አባቷ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ መኪናውን አቁሞ እስከ ቅዳሜ ለማሚ እንዳትነግሪ እንዳላት፣ ተረቱ ሲነበብ አፌን ከከፈትኩ ምስጢሩ ያመልጠኛል ብላ እንደፈራች፣ ሁሉንም አንድ ላይ አወጣችው። ክፍሉን እየዞረች የሁሉንም ነጠላ እየነካች አወራች። ዝም በይ ያላት የለም።

ኂሩት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሰማቻት። ለእናቷ ልታለቅስ ስትል ለልጇ አለቀሰች። ሔኖክን ልትቆጣ አሰበችና ቁጣው አልመጣም። በለቅሶው መካከል አንድ ሐሳብ አልላቀቃት አለ፤ ያ ሁሉ ዝምታ የመድኃኒቱ ካልነበረ፣ የመድኃኒቱ የትኛው ነው? ወይዘሮ አልታየሽ ውኃ ሲያቀርቡላት ይህንኑ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አላወቁም።

ሰኞ ነርሷ ጋ ደውላ ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር እንደነበረ ነገረቻት። ሌላ ጠርሙስ ታዘዘ፤ ብፅዓትም ሐሙስ ጠዋት በዚያው መጠን እንደገና ጀመረች። ኂሩት ለእናቷ አርባ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒቱን የሰጣት ሔኖክ ነበር።