ዘመድ የሌለበት ከተማ

ጤናዬ ለሽርሽር ውጭ አገር እንደምትሄድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስትናገር፣ መጀመሪያ የገጠማት ጥያቄ «ማን ሞተ?» የሚል ነበር።

«ማንም አልሞተም» አለች። «እኔና በዛብህ ሊሞዥ ልንሄድ ነው፤ ፈረንሳይ።»

ጓደኛዋ ዓለምነሽ ጠጋ አለቻት። «እዚያ ማን አላችሁ?»

«ማንም የለንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሩ?»

«ልናይ።»

ዓለምነሽ፣ ጤናዬ ሌላ ነገር የደበቀቻት ይመስል፣ ቆማ አየቻት። አይፈረድባትም። ጤናዬና ባሏ አሜሪካ፣ ዴንቨር ሃያ ሁለት ዓመት ሲኖሩ አውሮፕላን የተሳፈሩት ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነው። በዛብህ ታክሲ ይነዳል፤ ግሪን ቫሊ ራንች ከሚባለው ሰፈራቸው ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ በየቀኑ መንገደኛ ያደርሳል። ራሱ መንገደኛ የሆነበት ቀን ግን በጣት ይቆጠራል።

የሊሞዥን ነገር ያመጡት ሚስ ሄለን ናቸው። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሴንቴኒያል በምትባል የዴንቨር አጎራባች ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጤናዬ ተቀጥራ አራት ዓመት ተንከባክባቸዋለች። ጠዋት ጠዋት ቁርሳቸውን ከበሉ በኋላ «ሳህኖቹን በእጅሽ እጠቢያቸው፤ ዲሽዋሸር ውስጥ እንዳታስገቢ» ይሏታል። ሳህኖቹ ነጭ ናቸው፤ ስስ፣ ጠርዛቸው የወርቅ መስመር ያለው። እሷ ስታጥብ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ስለተሠሩበት ከተማ ያወራሉ። ስለ ወንዙ፣ ስለ አሮጌው የድንጋይ ድልድይ፣ ድልድዩን እንደተሻገሩ ስለሚገኘውና «ኖሬበታለሁ» ስለሚሉት ሰማያዊ በር ያለው ቤት፣ ግድግዳው ላይ ስለተሳበው የወይን ሐረግ። ጤናዬ ስትሰማ ስትሰማ፣ መንገዱን ዓይኗን ጨፍና የምትሄድበት መሰላት።

በ2015 ትንሿ ልጃቸው ኮሌጅ ስትጨርስ በዛብህ «አሁንስ እንረፍ፤ የት እንሂድ?» አላት። ሳታስበው «ሊሞዥ» አለች።

ሚስ ሄለን ሲሰሙ እጇን ያዙ። «ቤቱን ፎቶ አንሺልኝ» አሏት።

ጥቅምት ሲመጣ ሄዱ። ከፓሪስ ባቡር ያዙ። ሲወርዱ፣ ጣቢያው ራሱ ካቴድራል ይመስላል፤ አረንጓዴ ጉልላት፣ ረጅም የሰዓት ማማ። የሚቀበላቸው ሰው አልነበረም። «አቤት፣ እንዴት ደስ ይላል!» አለ በዛብህ፣ ሻንጣውን እየጎተተ። «ሻይ ጠጡ፣ ብሉ የሚለን የለም።»

በማግስቱ የሸክላ ዕቃ ሙዚየም ገቡ። ክፍሉ ሁሉ ነጭ በነጭ ነው። አስጎብኚዋ አንድ ሲኒ ወደ መብራቱ ከፍ ስታደርግ የጣቶቿ ጥላ በሲኒው ውስጥ አልፎ ታየ። «ይሄ ሸክላ ነው ወይስ ወተት?» አለ በዛብህ በሹክሹክታ። ከሰዓት በኋላ የጥንት ባለ ሉካንዳዎች በኖሩበት ጠባብ መንገድ ሄዱ፤ የእንጨት ቤቶቹ አናታቸውን ወደ መንገዱ ዘንበል አድርገዋል። ጫፉ ላይ ሥጋ ሻጮቹ የሚጠብቋት ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። ውስጧ ባለው ሐውልት ሕፃኑ ኢየሱስ በእናቱ እቅፍ ሆኖ አንዳች ነገር ይበላል።

በዛብህ ጎንበስ ብሎ አየ። «ኩላሊት ነው እኮ!»

«ዝም በል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነን» አለችው፤ እያማተበች ሳቋ አመለጣት።

በሦስተኛው ቀን በዛብህ እንቅልፍ ጣለውና ብቻዋን ወጣች። ገና ማለዳ ነው። ከወንዙ ጉም ይነሳል፤ ድልድዩ ግማሹ አይታይም። ስትሻገር እግሯ ድንጋይ ይርገጥ ደመና አላወቀችም። ማንም አያውቃትም፤ የምትሮጥለት የሥራ ሺፍት፣ የምትጠይቀው በሽተኛ የለም። ስሟን እንኳ ሆቴሉ ትታ የወጣች መሰላት፤ ነገሩ ሊያስፈራት ሲገባ ቀለላት።

ማዶ ስትደርስ የወይን ሐረግ አየች፤ ቅጠሉ ቀልቷል። ከሥሩ ያለው በር ግን አረንጓዴ ነው። ተጠጋች። ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ሁሉ ከሥር ሰማያዊ አለ። በጣቷ ዳሰሰችው። በሩ ተከፍቶ አንድ ሽማግሌ ወጡ። የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ስልኳን አንስታ አሳየቻቸው። ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁና ፎቶው እንዳይበላሽ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ብስክሌት ወደ ጎን ወሰዱላት።

ሰኞ ሴንቴኒያል ተመለሰች። ሚስ ሄለን መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ረጅም ሰዓት አዩ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚመስለው?» አሉ።

ጤናዬ ግራ ገባት። «የኖሩበት ቤት አይደለም?»

«እኔ? ሄጄ አላውቅም።»

«አራት ዓመት ሙሉ ነገሩኝ እኮ!»

ሚስ ሄለን ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ባሌ ዋልተር ወታደር ሆኖ ሳለ እዚያ ቤት ሁለት ወር አርፏል። ሃምሳ ዓመት ማታ ማታ ይነግረኝ ነበር። ልጆቹ ሲያድጉ እንሄዳለን ስንል ልቡ ታመመ። ከሞተ በኋላ የሚነግረኝ ስላጣሁ እኔው መናገር ጀመርኩ። መቼ እሱን ትቼ ራሴን እንዳስገባሁ አላውቅም። ተቀየምሽኝ?»

ጤናዬ ተታለልኩ ልትል ነበር። ግን ያን ማለዳ ጉሙ ውስጥ ስትሄድ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እንግዳ መንገድ ነው ብላ እንዳልቆመች ትዝ አላት። ሄደውበት የማያውቁት ሴትዮ በመንገዱ በትክክል መርተዋታል።

«አልተቀየምኩም» አለች።

«እንግዲያው አሁን አንቺ ንገሪኝ። ዋልተር ዘሎት የሚሄደው ነገር ነበር፤ ከባቡሩ ጀምሪ። በመስኮቱ ምን ይታያል?»

የጤናዬ ሰዓት አልቆ ነበር። በዛብህ ሊወስዳት ውጭ ቆሟል። ደወለችለትና «ፓርክ አድርግና ግባ፤ እቆያለሁ» አለችው። ከዚያ ወንበር ስባ ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«መስክ ነው» አለች። «እስከ ዓይን ዳርቻ እርጥብ መስክ። ላሞቹ ደግሞ ሁሉም ቀይ ናቸው፤ ባቡሩ ሲያልፍ ቀና አይሉም።»