የወይዘሮ የሺዓለም ፎቶ

ጠቅ። ጠቅ፣ ጠቅ። ትንሽ ዝም ይልና ደግሞ ጠቅ።

ሜላት ድምፁን የሰማችው ወደ ሥራ ቦታዋ የሚያወጣውን የእንጨት ደረጃ ወጥታ ሳትጨርስ ነው። ስትገባ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ተስፋሁን አንዱን ፋይል ለመክፈት ማውዙን ደጋግመው ይጫናሉ። የአርባ ዓመት የፒያሳ ሠርግና ክርስትና ፎቶ፣ ሁሉም ስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ወረቀት መስሎ ተደርድሯል። መሀል ላይ ቀይ ጽሑፍ አለ፤ ፋይሎቹ ተቆልፈዋል፣ ቁልፉን የሚያገኘው በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሺህ ዶላር የከፈለ ነው ይላል።

"ማን አባቱ ነው የቆለፈው?" አሉ ጋሽ ተስፋሁን። "እዚህ ማን ገባ?"

"ያቤፅን ይጠይቁት!" አለች ሜላት።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ያቤፅ ጥግ ቆሞ ማስቲካ ያኝካል። ባለፈው ሳምንት የተሰረቀ ፕሮግራም ሲጭን "ይሄ ያስቸግረኛል" ብሎ የቫይረስ መከላከያውን ያጠፋው እሱ ነው።

"አይዞን ፋዘር፣ ፎርማት አድርጌ በግማሽ ሰዓት አስነሳዋለሁ።"

"ፎቶዎቹስ?" አለች ሜላት።

"እነሱማ ይጠፋሉ።"

"ታዲያ ምኑን ነው የምታስነሳው? ቆርቆሮውን?"

በሩ ላይ ኪዳነማርያም ቆሟል። እናቱ ወይዘሮ የሺዓለም ሌሊት አርፈዋል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰፈራቸው ሲፈርስ አልበማቸው ከዕቃ ጋር ጠፍቷል። ከአስከሬኑ ፊት የሚያዘው ፎቶ እዚህ ካልተገኘ የትም የለም።

ያቤፅ የሜላትን ፍላሽ ከጠረጴዛው አንስቶ ሰካ። የወሩ ሥራዋ በሙሉ ዓይኗ እያየ አንድ በአንድ ነጣ።

"ውይ፣ ይሄንንም በላው!" ብሎ ሳቀ።

በዚህ መሀል ጋሽ ተስፋሁን ከመሳቢያቸው በመሀረብ የተጠቀለለ ሃርድ ዲስክ አወጡ። የሁሉም ቅጂ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው፤ ኔጌቲቮቹን ቦታ አጣበቡ ብለው አምና ጥለዋቸዋል።

"ሰካው እስቲ፣ ደህና መሆኑን ልየው" አሉት ያቤፅን።

"እንዳይሰጡት ጋሼ! አሁን ፍላሹን ሲበላው አላዩም?"

"ሳላየው እንዴት ልመን?"

"ሁለት ደቂቃ ናት፣ አታካብጂ ባክሽ" አለ ያቤፅ እጁን እየዘረጋ።

"ተይው ልጄ፣ ባለሙያው እሱ ነው።"

ስድስት ዓመት ሙሉ ከእኚህ ሰው እጅ ዕቃ የተቀበለችው ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ነው። አሁን ዲስኩን በአንድ እጇ ነጠቀቻቸው። ከነመሀረቡ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ኪዳነማርያምን ገፋ አድርጋ ወጣች።

"የት ነው? ሜላት! ኧረ የት ነው?" አሉ ጋሽ ተስፋሁን ከኋላዋ።

"ቫይረስ ያልነካው ኮምፒውተር ጋ! ፎቶውን ለቀብሩ አደርሳለሁ!" አለችና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።