እጅግ ረክቻለሁ

የሙከራው ሦስት ወር ማክሰኞ ቀን አለቀ። በአረጋውያን መጦሪያው ደንብ መሠረት አዲስ ገቢ ሁሉ በዚህ ቀን የእርካታ መጠይቅ ይሞላል፤ «አልረካሁም» ያለ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፣ «ረክቻለሁ» ያለ ቋሚ ነዋሪ ይሆናል። ጡረተኛዋ አዋላጅ ይህን ቀን በጣታቸው ሲቆጥሩ ከርመዋል። ልጃቸው ያመጣቸው ዕለት «ካልተመቸሽ መልሼ እወስድሻለሁ» ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል፤ እሳቸውም ያልተመቻቸውን ሁሉ በልባቸው ይዘዋል። ደወል ደውለው ሰው እስኪመጣ አልጋቸው ላይ መሽናታቸውን፣ ገላ የሚያጥቧቸው ሴቶች የራሳቸውን ወሬ እያወሩ እንደ ዕቃ የሚያገላብጧቸው መሆኑን፣ በልብሳቸው አንገትጌ ላይ በስማቸው ፈንታ ቁጥር መሰፋቱን።

ይህን ሁሉ አብረዋቸው ያዩት የክፍል ባልደረባቸው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት በገበያ አትክልት ሲሸጡ የኖሩ፣ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚሰማ ነዋሪው ሁሉ «ጡሩምባ» የሚላቸው ሴት ናቸው።

«ዛሬ ደግሞ አፍሽን እንዳይዝሽ» አሉ ጡሩምባ በጠዋት። «የጎደለውን ዘርዝሪና ከዚህ ውጪ። እኔስ ወሳጅ የለኝም፤ አንቺ ልጅ አለሽ።»

«እናገራለሁ እንጂ! ምን ያስፈራኛል?»

ልጅየው ከሰዓት በኋላ ከመጦሪያው ኃላፊ ጋር ገባ። የመንገድ መሐንዲስ ነው። ከስቷል፤ ጫማው ላይ ጭቃ ደርቋል፤ ሚስቱ መንታ ከተገላገለች ሁለት ወር አልሞላትም። የእናቱን ግንባር ሳመና፣ ዓይናቸው ፊደል ስለማይለይ፣ መጠይቁን ራሱ ያነብላቸው ጀመር። ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ተቀመጠች።

«አንደኛ፣ ምግብ። ምግቡስ ደህና ነው፣ አይደል እማዬ?»

አዋላጇ አርባ ዓመት ሙሉ በምጥ የተያዙ ሴቶችን ፊት ሲያነቡ የኖሩ ናቸው። የልጃቸውን ፊት አዩ፤ የሚለምነውንም አወቁ።

«ደህና ነው» አሉ።

«እጅግ ረክቻለሁ ልበል?»

«በል።»

«ሁለተኛ፣ ሲጠሩ ሠራተኞች ፈጥነው ይመጣሉ ወይ?»

«ምስኪኖች፣ ሮጠው ነው የሚመጡት።»

ጡሩምባ ከተጋደሙበት ብድግ አሉ። «ሮጠው! አንቺ ሴትዮ፣ እግዜርን አትፈሪም? ትናንት ጠዋት በሽንት ርሳ ስታለቅስ የነበረችው ማን ናት፣ አክስቴ ናት?»

ልጅየው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እማዬ፣ እውነት ነው?»

በመጠይቁ ውስጥ ያልተጻፈችው ይህች ጥያቄ ብቻ ናት በእርግጥ መልስ የፈለገችው። አንድ «አዎ» ይበቃ ነበር። ነገር ግን አዋላጇ በገዛ ልጃቸው ፊት እፍረት ወረራቸው፤ ከእፍረቱ ለማምለጥም በእጃቸው የነበረውን አነሡ።

«ተዋት ልጄ፣ ራሷን አታውቅም። የሞተ ባሏን እንኳ ምሳ ሰዓት ላይ ‹ና፣ ብላ› እያለች ትጠራለች።»

ጡሩምባ ባል ኖሯቸው አያውቅም። መዝገባቸውን ገልጦ ያየ ግን አልነበረም። ኃላፊዋ «ከመቼ ጀምሮ?» ብላ ጠየቀችና መልሱን በሌላ ወረቀት ጻፈች።

የቀሩት ጥያቄዎች በጥድፊያ አለቁ። እናት ፈረሙ፣ ልጅም ፈረመ። «እኔ እኮ ጨንቆኝ ነበር፤ አሳረፍሽኝ እማዬ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ሁለት ሠራተኞች ተሽከርካሪ ወንበር ይዘው መጡ። ጡሩምባን ወደ ላይኛው ፎቅ፣ የመርሳት ሕመምተኞች ወዳሉበትና በሩ ከውጭ ወደሚቆለፈው ክፍል ሊወስዷቸው ነው።

«ንገሪያቸው እንጂ!» አሉ ጡሩምባ፣ የአልጋውን ብረት አንቀው ይዘው። «አብጃለሁ እንዴ? አንቺ ታውቂያለሽ አይደል እህቴ?»

ኃላፊዋ ወደ አዋላጇ ዞረች። «እማማ፣ ትናንት የነገሩን ልክ ነው? ካልሆነ ልጅዎን ልጥራውና መጠይቁን እንደገና እንሙላው።»

የሰው ነፍስ ስንት ጊዜ በእጃቸው ላይ ወድቋል። አሁን እጃቸውን ብርድ ልብሱ ሥር ደበቁት።

«ልክ ነው» አሉ፣ ግድግዳውን እያዩ።

ይህን የእናት ፍቅር ብሎ የሚያመሰግን አይጠፋም። ፍቅር ከሆነ ዋጋውን የከፈሉት አትክልት ሻጯ ናቸው።

ልጅየው በየሳምንቱ መምጣቱን ትቶ በወር አንድ ጊዜ ብቅ ይላል። ስለ እናቱ ለሚጠይቀው ሁሉ «ደስ ብሏት ትኖራለች» ብሎ ይመልሳል፤ ፊርማቸው ያለበት ወረቀት በእጁ ስላለ ውሸታም የሚለው የለም።