ከመክፈቻው ቀን በፊት የማትባለው ግጥም

በፊልም ውስጥ ሴድሪክ ሆልሮይድን ያህል የሞተ ሰው የለም። ተሰቅሏል፣ ሰጥሟል፣ መርዝ ጠጥቷል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ፊልሙ ገና ሲጀመር ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ፣ ፖሊሶቹ በላዩ እየተራመዱ ግማሹን ፊልም ተኝቶ ጨርሷል። ስሙ በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አያውቅም፤ እሱም ተቀይሞ አያውቅም። "ዋናው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ይውላል፤ እኔ በጠዋት ሞቼ ምሳዬን እበላለሁ" ይል ነበር።

በቴሌቪዥን ደግሞ በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ለዓመታት የመጠጥ ቤት ባለቤት ሆኖ ሠርቷል። ባለ መጠጥ ቤቱ ሚስቱን ጥሎ ከፀጉር ሠሪዋ ጋር የሄደ ዕለት እሱ የሚኖርባት የእንግሊዟ ሃሊፋክስ ከተማ ሴቶች በሙሉ ሴድሪክን አኮረፉት። ድራማው ካለቀ ስንት ዘመኑ! ዛሬም አውቶቡስ ውስጥ "አንተ የማታፍር! ያቺን የመሰለች ሴት!" የምትለው አሮጊት አትጠፋም። እውነተኛዋ ሚስቱ ሜቪስ አጠገቡ ተቀምጣ "ንገሪልኝ እስቲ እህቴ፣ እኔንማ አልሰማ ብሏል" ትላለች።

ልቡ ግን ያለው ቴአትር ላይ ነው። በወጣትነቱ በየሳምንቱ አዲስ ቴአትር ከሚያወጣ ቡድን ጋር ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። ማታ አንዱን እየተጫወተ፣ ቀን የሚቀጥለውን ያጠናል። ሰኞ አጭበርባሪ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ቄስ። ያኔ ቃል ጠፍቶበት አያውቅም፤ ለጠፋባቸውም እሱ ነበር በጎን ሹክ የሚላቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት በጸደይ፣ ለንደን ውስጥ ዳኛ ሆኖ ሲጫወት ፍርድ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ተከሳሹ ቆሞ ይጠብቃል፣ ተመልካቹም ይጠብቃል። ሴድሪክ ፈገግ እንዳለ መጋረጃው ወረደበት። ሐኪሞቹ ጭንቅላቱ ውስጥ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተዘግታ ነበር አሉ። ደግነቱ ተሻለው። ተራመደ፣ አወራ፣ ከሜቪስ ጋርም እንደ ልማዱ ተጨቃጨቀ። የመድረክ ቃል ብቻ እንደ ድሮው አልያዝ አለው። ወሬ መቼም አይደበቅም፣ የቴአትር ሰው ወሬ ደግሞ የባሰ ነው፤ ስልኩ ዝም አለ። ሥራ የሚያፈላልግለት ወኪሉም "እረፍ እንጂ ሴድሪክ፣ በቂ ሠርተሃል እኮ" አለው። ይህ ለማን እንደሚባል ሴድሪክ አሳምሮ ያውቃል። እቤቱ ተቀምጦ የጎረቤቱን ድመት ሲቆጣ ይውል ጀመር።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ግሌንዳ ክራብትሪ የደወለችው። ግሌንዳ የሃሊፋክሱ አሮጌ ቴአትር ቤት አዘጋጅ ናት፤ ያኔ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ከሴድሪክ ጋር ድንች ጥብስ ከአንድ ወረቀት እየተካፈለች የበላች ወዳጁ።

"ለገና እማማ ብስኩት አንተ ነህ" አለችው፤ ሰላምታም የለ።

"ግሌንዳ፣ የለንደኑን አልሰማሽም እንዴ?"

"ሰምቻለሁ። ይልቅ ወገብህ ስንት ደረሰ? ቀሚሱን ማስፋት አለብን። ሆድ አውጥቷል ብለውኛል።"

በዚያ አገር ገና ሲመጣ ልጆችን የሚያስቅ የተረት ቴአትር ይታያል፤ ይህ የገና ጨዋታ ያለ እማማ አይሆንም። ጢሙን የተላጨ ሽማግሌ ቀሚስ ለብሶ፣ ደረቱን በትራስ ሞልቶ፣ ከንፈሩን ቀብቶ የአንድ ሞኝ ልጅ እናት ይሆናል። እማማ አንዱን ነገር "ነው" ስትል ልጆቹ "አይደለም!" ይላሉ፤ "አይደለም" ስትል "ነው!" ይላሉ። አያቶቻቸውም በልጅነታቸው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲሁ ጮኸዋል። ለሴድሪክ ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ አልነበረም። ስልኩን ዘግቶ ወደ ጓዳ ገባና የሜቪስ አንገት ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ።

"ምነው? ማን ሞተ?" አለች ደንግጣ።

"ማንም አልሞተም። ሥራ አገኘሁ!"

የቴአትር ቤቱ ባለቤት ሚስተር ፔንድልበሪ ግን በቀላሉ አልተዋጠለትም። "ጥሩ ሰው ነው፣ እወደዋለሁ" አለ ለግሌንዳ። "ግን በመክፈቻው ቀን ቃል ከጠፋው፣ ከማግሥቱ ጀምሮ ቀሚሱን ተጠባባቂው ተዋናይ ይለብሳል። አዳራሽ ሙሉ ልጆች ፊት ሰው ሲዋረድ ማየት አልፈልግም።" ግሌንዳ ይህን ለሴድሪክ አልደበቀችውም። እሱም ልክ ነው አለ። በልቡ ግን ይህ ካመለጠኝ ሌላ የለኝም አለ፤ እውነቱንም ነበር።

ታዲያ እንዴት ያጥና? ወረቀት አልሆን ሲለው በእጅ በእግሩ ማጥናት ጀመረ። እያንዳንዱን ቃል ከአንድ ሥራ ጋር አቆራኘው፦ ይህን ድስት ሲያነሳ፣ ያንን ሞኙን ልጅ በመጥረጊያ ሲመታ፣ ያኛውን ወንበሩ ላይ ዘፍ ሲል። አፉ የረሳውን እጁ ያስታውሰዋል። ሜቪስ ሞኙን ልጅ ሆና ሳሎን ውስጥ ስትገረፍ ከረመች። "ሠላሳ ምናምን ዓመት በትዕግሥት የኖርኩት ለዚህ ነው?" እያለች እየሳቀች። ልምምዱ ሲጀመር አንድ ቃል አልሳተም። ግሌንዳ ዓይኗን ማመን አቃታት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የገና ጨዋታ ሲያልቅ እማማ ብቻዋን ወደ መድረኩ ጫፍ ወጥታ ሁለት መስመር ግጥም ትላለች፤ መጋረጃው የሚወርደው በዚያች ነው። ያቺ ግጥም ደግሞ ተመልካች ገብቶ ሳይቀመጥ በፍጹም አትባልም። በልምምድ ላይ ተራዋ ሲደርስ "ታራ ታራ ታራም" ተብላ ትታለፋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሳያልቅ አለቀ ያለ ሰው ጨዋታው ይሰበርበታል ይባላል። አንዱ ደፋር ቀድሞ ብሏት ጣሪያው አፈሰሰ፣ ሌላው እግሩ ተሰበረ። ይህ ወሬ የሌለበት ቴአትር ቤት የለም።

በዚህ ነገር እንደ ሴድሪክ አጥባቂ አልነበረም። በጉብዝናው ዘመን አንዱን ጀማሪ፣ ግጥሟን በለሆሳስ ሲያጉተመትማት ሰምቶ፣ ከነቀሚሱ ዝናብ ላይ አቁሞታል። አሁን በገዛ ሕጉ ታሰረ። ጮክ ብሎ ካላለው ቃል አይያዝለትም፤ ጮክ ብሎ እንዳይል ደግሞ ሕግ ነው። ከንፈሩን ገጥሞ በዓይኑ ብቻ ጠዋት ማታ ያነባታል።

"መታጠቢያ ቤት ገብተህ በላት!" አለችው ሜቪስ። "ውሃውን ክፈተውና በላት፤ ማን ይሰማሃል?"

"አይሆንም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጣሪያ የሚያፈሰው በግጥም ሳይሆን በቀዳዳ ነው!"

"ሜቪስ፣ አይሆንም አልኩ። ለሌላው ከልክዬ እኔ ተደብቄ ልላት?"

ምን ታድርገው? ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ኬክ ቆርሳ ሰጠችው፤ ለራሷም ትልቁን ቆረሰች።

የመክፈቻው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልጆቹ ገና መጋረጃ ሳይከፈት ከረሜላ እየተወራወሩ ነው። እማማ ብስኩት ስትወጣ ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረው። ሴድሪክ ድስቱን አነሳ፤ ቃሉ መጣ። መጥረጊያውን አነሳ፤ ቃሉ መጣ። ሞኙን ልጅ አሳደደ፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ፣ ዱቄቱን በራሱ ላይ ደፋ፤ ሁሉም እንደ ልማዱ። ሚስተር ፔንድልበሪ ከሚስቱ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ሰርጉ ተሰረገ፣ ዘፈኑ ተዘፈነ፣ ሁሉም ተዋናይ ከኋላ ተሰለፈ። ሴድሪክ ቀሚሱን ሰብሰብ አድርጎ ወደ መድረኩ ጫፍ ወጣ።

የፈሩት ይደርሳል አሉ። የሚያነሳው ድስት የለም። መጥረጊያ የለም። ባዶ እጁን ቆመ፤ ጭንቅላቱም ባዶ ሆነ።

በመድረኩ ጥግ ተቀምጣ ቃል ለጠፋው የምታቀብለው በርኒስ የመጀመሪያውን ቃል ሹክ አለችው። በልጆቹ ጫጫታ አልሰማትም። ደገመችው፤ አሁንም አልሰማም። ከኋላው የተሰለፉት ተዋንያን ተያዩ፤ እነሱ የሚያውቁት "ታራ ታራም" ብቻ ነው። ጫጫታው ቀስ በቀስ በረደ። ሴድሪክ ይህን ዝምታ ያውቀዋል፤ የለንደኑ ነው። በዚያ ምሽት ፈገግ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ፈገግታውም እምቢ አለው። ሊዋሽ፣ ሊያስመስል ብልሃት አጣ።

"ረሳሁት" አለ በቀስታ፣ በራሱ ድምፅ።

ፊት ለፊቱ የተቀመጠች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ብድግ አለች። "አልረሳሽም!"

ሴድሪክ አያት። "ኧረ ረስቻለሁ።"

"አልረሳሽም!" አለ ግማሹ አዳራሽ።

"እውነቴን ነው፣ ረስቻለሁ!"

"አልረሳሽም!!" አለ አዳራሹ በሙሉ። ልጆች ወንበር ላይ ቆሙ። አያቶች በከዘራ ወለሉን መቱ። ሚስተር ፔንድልበሪ ራሱ አፉን በሁለት እጁ ከቦ ይጮኻል። ሴድሪክ እያላቸው ያለው እውነት መሆኑን ያወቀ ሰው በመካከላቸው አልነበረም፤ ከአንዲት በቀር። ከኋላ ረድፍ ሜቪስ ተነሥታ፣ ጨዋታውንም እማማ ብስኩትንም ትታ፣ በስሙ ጠራችው።

"ሴድሪክ! አልረሳህም!"

ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪሙም ወኪሉም ዝም ያለው ስልክም ረስተሃል ሲሉት ኖረዋል። አሁን ይህ ሁሉ ሕዝብ ጉሮሮው እስኪደርቅ አልረሳህም ይለዋል። እንባው ፊቱን በተቀባው ቀለም ላይ ወረደ። ሰውም እየተጫወተ መስሎት ይበልጥ ሳቀ። ሳቁ ደግሞ አላሳፈረውም፤ ሞቀው። የተጻፈችውን ግጥም መፈለጉን ተወው። ደረቱ ላይ ያለውን ትራስ በሁለት እጁ ይዞ፣ የመጣለትን አለ፦

"ቃሌ ቢጠፋብኝ ሰውስ አላጣሁም፣
እናንተ እያላችሁ እኔ አልረሳሁም!"

መጋረጃው ወረደ። ጭብጨባው ግን አልቆም ብሎ መጋረጃው እንደገና መከፈት ነበረበት።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሴድሪክ ዊጉን አውልቆ መስተዋቱ ፊት ተቀመጠ። ሚስተር ፔንድልበሪ በሩን ሳያንኳኳ ገባ፤ ከሳቁ ብዛት ዓይኑ ቀልቷል። "ያቺ 'ረሳሁት' የምትለዋ! ግሌንዳ፣ የማን ሐሳብ ናት?"

ከኋላው ተከትላው የገባችው ግሌንዳ "የሱ" አለች። ሰውየው የሴድሪክን ትከሻ ሁለት ጊዜ መትቶ፣ ለሚስቱ ሊነግር እየሮጠ ሄደ።

ሴድሪክ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። "ግሌንዳ፣ ላታልልሽ አልችልም። ጨዋታ አልነበረም። እውነት ጠፍቶኝ ነው። የተባለው ተብሏል፤ ቀሚሱን ለተጠባባቂው ስጪው።"

ግሌንዳ የቀሚስ ክምር ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። "አውቃለሁ። በርኒስ ሹክ ስትል ድምፅዋ ተዘግቶ ሄደ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ሰውየው ያለው ልጆች ፊት ሰው ሲዋረድ ማየት አልፈልግም ነው። የተዋረደ ሰው አየህ? እኔ አላየሁም። ነገ ከምሳ በኋላ ሦስት ትምህርት ቤት ይመጣል። ነገም እርሳው።"

ሴድሪክ ከልቡ ተጨንቆ "ነገ ባስታውሰውስ?" አለ።

"ኧረ የሰው ያለህ! ዕድሜህን ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር? ተዋናይ አይደለህም እንዴ? የረሳህ ምሰላ!"

ሳቁ ከሆዱ መጣ፤ ትራሱ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠበትና እጇን ይዞ፣ ለዚያ ለስልኩ፣ ለዚያ ለድንች ጥብሱ ዘመን፣ ጥርሷ ለወለቀችው ልጅ፣ ለሁሉም አንድ ላይ "እግዜር ይስጥሽ" አላት። ሌላ ቃል አልመጣለትም፤ አልፈለገምም።

ግሌንዳም ዓይኗ እርጥብ ሆኗል፤ እንዲታይባት ግን አትወድም። "በል እሱን ተወውና ቀሚሱን አውልቅ" አለችው። "በላብ ጨርሰኸዋል። ታጥቦ ማደር አለበት፤ ነገ ትለብሰዋለህ።"