ቅቤ የተቀባው ካዝና

"አንተ ጭንብላም ሌባ! ለዛሬ ታስቀምጥልኝ?"

ዘመናይ አካፋዋን ተደግፋ ጓሮዋ ውስጥ የተቆፈረውን ጉድጓድ እያየች ራኩኑን ረገመች። ያ አይኑን በጥቁር የተኳለ አውሬ በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ ያቺን የአጥር ጥግ ለምዷታል። ሌሊት ይቆፍራል፣ ጠዋት እሷ ትደፍናለች። ጎመን ዘርታበት አልበላም፣ ድንች ቀብራበት አልነካም፤ ያቺን አንዲት ጥግ ብቻ ነው።

በሌላ ቀን ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር። ዛሬ ግን ከቀትር በኋላ ከካውንቲው፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። ዘመናይ ቤቷ ውስጥ የጎረቤት ልጆችን እየጠበቀች ልትሠራ ፈቃድ ጠይቃለች፤ ፈቃዱን የምትሰጠው ወይም የምትነሳው ይህችው ሴትዮ ናት። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ሁሉ ሸፍናለች፣ የሳሙናውንና የበረኪናውን ቁም ሣጥን ቆልፋለች፣ የጠረጴዛውን ሹል ጠርዝ ስፖንጅ አልብሳለች። በምሥክርነት የሚቆም ጉድጓድ ጓሮዋ ውስጥ እንዲገኝ አትፈልግም።

አፈሩን ልትመልስ አካፋዋን ስትሰድ ቀጭ አለ። ጎንበስ ብላ ጎተተችው። የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ክዳኑ በፕላስተር ተጠምጥሞ፣ አንድ ጎኑ ላይ የጥርስ ምልክት አርፎበታል። ፕላስተሩን ላጠችና ከፈተችው። ከሁሉ አስቀድሞ ሽታው አወዳት።

"ቅቤዬ!"

ባለፈው መስከረም እህቷ ከደብረ ማርቆስ በሰው እጅ የላከችላት ለጋ ቅቤ ከማቀዝቀዣው ውስጥ ድራሹ ጠፍቶ ነበር። በዚያ ሰሞን እንግድነት የመጣችው ጓደኛዋ ኢብሲቱ ስለነበረች፣ ዘመናይ በአፏ ባትናገርም በልቧ ጠርጥራት ፊቷን አጥቁራባታለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጓደኛሞች ሰላምታቸው እንደ ጥር ወር ቀዝቅዟል። ቅቤው ግን ሙሉውን ክረምት እዚሁ ነበር። በቅቤ የራሰ ጨርቅ ውስጥ ሦስት ጥቁር ረዣዥም ነገሮች ተጠቅልለዋል። አንዱን ስታነሳው እጇን አሟለጫት። የባሏ የሽጉጥ ካዝና ነው፤ ጥይት የሚሞላበት። ሦስቱም ባዶ ናቸው። ቢሆንም ነገ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በዚህ አፈር ላይ በእጁ ሲቆፍር ታያት።

ስልኳን አወጣች።

"አለልኝ፣ ቅቤዬን ምን አደረግኸው?"

ባሏ ያለው ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የተባለው ጎዳና ላይ ካለችው ሱቁ ነው። ከበስተጀርባው የባቡሩ ደወል ሁለቴ ቃጨለ።

"የ... የትኛውን ቅቤ?"

"ከመሬት የበቀለውን!"

"ዘመናይ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። ጎረቤት አይቶሻል? ይዘሽው ግቢ፣ መጋረጃውን ዝጊ። መጣሁ!"

ሲመጣ ብቻውን አልነበረም። ጋሽ ተወልደብርሃን አብረውት አሉ። ጋሽ ተወልደ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀኑን የሚገፉት የአለልኝ ሱቅ ውስጥ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ሆነው ነው። እሳቸውም መሳሪያ አላቸው። ካፒቶል፣ የግዛቱ ምክር ቤት ውስጥ፣ አዲስ ህግ ሊወጣ ነው፣ ከአስር ጥይት በላይ የሚጎርስ ካዝና ሊከለከል ነው የሚለው ወሬ ከተነሳ ጀምሮ የሁለቱ ጨዋታ እሱ ብቻ ሆኗል።

"የእኔዎቹ አስራ አምስት ጎራሽ ናቸው" አለ አለልኝ ጣሳውን በፍቅርም በሐፍረትም እያየ። "ህጉ ከወጣ በየቤቱ እየዞሩ ይሰበስባሉ አሉ።"

"ማን አለ?"

"ሰው ነዋ!"

"እና ቀበርኸው።"

"አባቴ ያደረገውን ነው ያደረግሁት። በደርግ ጊዜ 'መሳሪያ አስረክቡ' ሲባል ጠመንጃውን ቅቤ ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከብቶቹ በረት ውስጥ ቀበረው። ቀኑ ሲያልፍ ሲያወጣው እንደ ሙሽራ ወዝቶ ወጣ። ዝገት የሚባል አልነካውም!"

"አባትህ የቀበረው ጎጃም ነው! እዚህ ራኩን አለ፣ ቅቤ የሚወድ ራኩን!"

ጋሽ ተወልደ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔስ ነግሬው ነበር፣ ልጄ። ቅቤ ይሸታል፣ ናፍጣ ይሻላል ብዬ።"

"ጋሽ ተወልደ፣ እርስዎም አሉበት?"

"እኔ? የለሁበትም" አሉ ተቆጥተው። "የእኔው ያለው ማሽላ ጆንያ ውስጥ ነው።"

ዘመናይ ልትቆጣ ጀምራ ሳቋ አመለጣት። አለልኝ ግን አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ትስቂያለሽ፤ እነዚያ ሰዎች ሱቅ ሊዘርፉ የገቡ ቀን ግን የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ከማቀዝቀዣው ጀርባ ተንበርክኬ። ሁለት ነበሩ። ዛሬ ካዝናውን ካሉ ነገ ሽጉጡን ይላሉ። ቆጥሮ ያልሰበሰበ መንግሥት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ሓቂ! እውነቱን ነው" አሉ ጋሽ ተወልደ።

"ሁለት ሆነው ሲመጡ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዘመናይ። አስሯ የት እንደምትሄድ አላውቅም።"

"እጅህ ከተንቀጠቀጠ አስራ አምስቷም የት እንደምትሄድ አታውቅም" አለችው፤ ግን ድምፅዋን አለዝባ። ያን ቀን ማታ እራት አልወርድልህ ብሎት እንደነበር አልረሳችም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። የእሷም ፍርሃት እውነተኛ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ፍርሃት ሲኖር አንዱ ሌላውን ሰምቶ አያውቅም፤ ያ ነው ችግሩ።

"አሁን ሴትዮዋ መሳሪያ አለ ወይ ብላ ከጠየቀች የለም በይ" አለ አለልኝ። "ውሸት አይሆንም። ሽጉጡ ሱቅ ነው፣ ካዝና ለብቻው መሳሪያ አይባልም።"

"ማታስ? ሽጉጡ ሱቅ ያድራል?"

በዚህ መሃል በሩ ተደወለ።

ሦስቱም ተያዩ። ተቆጣጣሪዋ ቀድማ መጣች። አለልኝ ጣሳውን ሊያነሳ ሲል ተንሸራቶ ካዝናዎቹ ከነጨርቃቸው ሶፋው ላይ ፈሰሱ። ጋሽ ተወልደ፣ ለዕድሜያቸው በማይመች ፍጥነት፣ ካዝናዎቹን አፈፍ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ባርኔጣቸውን ደፉባቸው። ከዚያ እግራቸውን ገጥመው እንደ ፎቶግራፍ ተነሺ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ሴትዮዋ ጁሊ ትባላለች። ጉንጯ ቀይ፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ፣ የምትናገረው ቀስ ብላ ነው። ዘመናይ አስተርጓሚ ልታመጣ ትችል ነበር፤ አልፈለገችም። አገሯ ሳለች ፊደል የመቁጠር ዕድል አላገኘችም። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ማንበብ የጀመረችው እዚሁ፣ ስኔሊንግ ጎዳና አጠገብ ባለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ የልጇን የሄርመላን የትምህርት ቤት ቦርሳ ተውሳ እየሄደች ነው። ይህን ቀን በራሷ አፍ ልትወጣው ስትለማመድ ከርማለች።

ጁሊ ሶኬቱን አየች፣ ቁም ሣጥኑን ሳብ ሳብ አድርጋ ሞከረች፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ተጫነችው፤ ሲጮህ ጋሽ ተወልደ ዘለሉ፣ ባርኔጣው ግን አልወደቀም። ሱሪያቸው ላይ ቅባት ቀስ እያለ መስፋት ጀምሯል።

"በዚህ ቤት ውስጥ የጦር መሳሪያ አለ?" ስትል ጠየቀች ጁሊ።

አለልኝ ጣሪያውን አየ። ጋሽ ተወልደ ባርኔጣውን በሁለት እጃቸው ተጫኑ።

ለዘመናይ 'የለም' የምትለው ቃል አጭር ናት፣ በእንግሊዝኛም አጭር ናት፤ ከተማረቻቸው ቃላት ሁሉ መጀመሪያ የያዘቻት። ግን በሩ ላይ ልጇን አቅፋ የምትቆም አንዲት እናት ታየቻት። ያቺ እናት ይህንኑ ጥያቄ ትጠይቃታለች። እሷ ራሷ ሄርመላን ሰው ቤት ባስቀመጠችበት ዘመን ይህን ጥያቄ የምትጠይቅበት ቋንቋ አልነበራትም፤ ቀኑን ሙሉ ሰዓት እያየች ነበር የምትሠራው።

"አለ" አለች። "አንድ ሽጉጥ። ቀን ሱቅ ይውላል፣ ማታ እዚህ ያድራል። ሦስት ካዝናም አለ።"

"የት ነው የሚቀመጡት?"

ዘመናይ ትክክለኛውን ቃል ፈለገች፤ አገኘችውም። "አሁን፣ ባርኔጣ ሥር ናቸው።"

ጋሽ ተወልደ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አነሱ። ጁሊ ቀረብ ብላ አየች። አሸተተች።

"ይህ... ቅቤ ነው?"

አለልኝ ላብ በላብ ሆኖ ነገራት፤ ስለ አባቱ፣ ስለ በረቱ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ህጉ፣ በመጨረሻም ስለ ራኩኑ። ጁሊ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችው። ራኩኑ ላይ ሲደርስ ግን አልቻለችም፤ እስክታነባ ሳቀች።

"ወንድሜ አጋዘን አዳኝ ነው" አለች አይኗን እየጠረገች። "እሱም ከዚህ ህግ ሌላ ወሬ የለውም፤ እንደ አንተ ተጨንቋል። እስካሁን ግን ምንም ነገር ቅቤ አልቀባም። ደግሞ እዚህ አገር መቅበር አይሆንም፤ መሬቱ በክረምት ይቀዘቅዝና በጸደይ የሰጠኸውን ሁሉ ይተፋዋል።"

"ህጉ መቼ ነው ታዲያ የሚወጣው?" አለ አለልኝ።

"ይውጣ አይውጣ እኔ አላውቅም፤ የእኔ ሥራ ቁልፍ ነው። ረቡዕ ግን ካፒቶል ውስጥ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ አለ። ወንድሜ ሊናገር ይሄዳል። ለምን አትሄድም?"

"እኔ? መንግሥት ፊት ቆሜ ካዝና አለኝ ልበል?"

"ደጋፊውም ተቃዋሚውም ይናገራል።"

"ተናግሮ ቤቱ ይገባል?" ሲሉ ጠየቁ ጋሽ ተወልደ ከልባቸው።

"ይገባል። ፓርኪንግ ለማግኘት ግን ይቸገራል።"

ከዚያ ጁሊ ወደ ዘመናይ ዞረች። "ሽጉጡ ጥይቱ ወጥቶ በሚቆለፍ ሣጥን፣ ጥይቱ ደግሞ ለብቻው ይቆለፋል። ጉድጓዱን ድፈኚው። ሰኞ ተመልሼ አያለሁ፤ ከዚህ ሌላ ቤትሽ ጥሩ ነው። ይህን ስለነገርሽኝ ሌላውን ያልሽኝን ሁሉ ማመን ቀለለኝ።"

በሩ እንደተዘጋ ዘመናይ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አለልኝ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ሲመለስ ሁለት የብረት ሣጥን ይዟል፤ ቁልፎቹን እጇ ላይ አኖረላት።

ካዝናዎቹን በፈላ ውሃ ሲያጥቧቸው ቅቤው እያወደ ቤቱን ሞላው። ሄርመላ ከትምህርት ቤት ገብታ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገችና ቤቱ ለምን ፋሲካ ፋሲካ እንደሚሸት በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

"አባትሽን ጠይቂው" አለች ዘመናይ።

ጋሽ ተወልደ የአለልኝን ሱሪ ተውሰው ለብሰዋል፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቀርቶባቸዋል። "እኔም ልሂድ፣ ያን ማሽላ አበጥራለሁ" ብለው ወጡ።

ዘመናይ ኢብሲቱ ጋ ደወለች። "ቅቤው ተገኘ" አለቻት። ከወዲያ በኩል "እኔ ላይ ነበር እንዴ ያሳበብሽው!" የሚል ጩኸትና ሳቅ ተከተለ። ቅዳሜ ምሳ እንድትመጣ ተቀጣጠሩ።

ሲመሽ አለልኝ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ሁለቴ ዞረ።

"ዘመናይ... ረቡዕ ብሄድ ምን ይመስልሻል?"

"ሂዳ።"

"ስናገር አፌ ይያያዛል። አንቺ ተማሪ ነሽ፤ የምለውን በእንግሊዝኛ ብትጽፊልኝ?"

እርሳስና ወረቀት አመጣች። እሱ በአማርኛ ተናገረ፣ እሷ አንድ በአንድ እየፈለገች ጻፈች፤ ማቀዝቀዣውን፣ መንበርከኩን፣ ሁለቱን ሰዎች፣ የእጁን መንቀጥቀጥ። አንዳንድ ቦታ ላይ በሐሳቡ አልተስማማችም፤ ሆኖም አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ስትጨርስ ሥሩ ላይ ስሙን ጻፈችና ወደ እሱ ገፋችው። አለልኝ እንደ መልክ መስታወት አርቆ አየው።

ዘመናይ ግን እርሳሱን አላስቀመጠችም። ሌላ ንጹሕ ወረቀት ስባ ከአናቱ ላይ የራሷን ስም መጻፍ ጀመረች።

"ያ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የእኔ ነው።"

"አስር ይበቃል ልትዪ ነው አይደል? እዚያው፣ እኔ ባለሁበት?"

"ረቡዕ ትሰማለህ" አለችው ቀና ሳትል። "በአንድ መኪና ነው የምንሄደው፤ ጁሊ ፓርኪንግ የለም ብላለች።"