አላየሁም ያሉት መምህር

የአባቴ ተማሪዎች ጨዋነት ጉድ ሊሠራን ነበር። እዚህ ሁዌይ ከተማ፣ በቤተ መቅደሱ ግቢ የአሻንጉሊት ትርኢት አይቶ የጨረሰ ሰው ብድግ ብሎ በርጩማውን ለሌላ ይለቃል። አሻንጉሊት አጫዋቹ አባቴ ቺንሆክ ትርኢታችንን በስልክ መተግበሪያ ሲያሰራጭም ተማሪዎቹን ያንኑ አዘዛቸው፦ «አይታችሁ ስትጨርሱ ዝጉት፤ ለሌላው ቦታ ልቀቁ።»

መተግበሪያ ግን በርጩማ አይደለም። የሚያይ ሁሉ እያየ ለሌላው ያካፍላል፤ ሲዘጋው የያዘው ይጠፋል። ይህን ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ማን ይስማኝ!

ትናንት የአባቴ ኮምፒውተር ከነቅጂው ተቃጠለ። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ በባሕር አምላኳ በማዙ ልደት በዓል ማን እንደሚጫወት ሊወስን ተሰብስቧል፤ ወይ እኛ፣ ወይ ሌላው የአሻንጉሊት መምህር ኪምሻን። ኪምሻን የራሳቸውን አሳይተው ጨርሰዋል። «የቺንሆክን አይቼው አላውቅም፣ ጊዜ የለኝም» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል። ከኋላ ተቀምጠው ስልካቸውን ሲነካኩ ቆዩና፣ የእኛ ተራ ሲደርስ ኪሳቸው ከተቱት።

ከመተግበሪያው በስክሪን የከፈትነው ትርኢታችን ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው ቀጥ አለ።

«ምን ሆነ?» አለ አባቴ።

«ጨዋ ተማሪዎችህ ዘግተውት ሄዱ።»

«ታዲያ ቀለለ እኮ! የሚጨናነቀው ሰው ሲበዛ ነው።»

«አባባ፣ እዚህ ሰው ሲበዛ ነው የሚፈጥነው!»

ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን አዩ። «እስከ አስር ሰዓት ካልታየ እናልፈዋለን።»

አልደነገጥኩም። ይህን ያህል ከመጣልን፣ የያዘው ሰው አንድ ቦታ አለ ማለት ነው። የአካፋዮቹን ዝርዝር ስከፍት አንድ ስም ብቻ ነበር፦ ኪምሻን። ስልኩ ኪስ ሲገባ መተግበሪያው ይተኛል፤ ማካፈሉም ይቆማል።

ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «መምህር፣ ስልክዎን ያውጡልኝ።»

«ለምን?»

«ትርኢታችን ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው።»

ጆሯቸው ቀላ። ዝም ቢሉ በዓሉ የእሳቸው ነው።

ስልኩን አውጥተው፣ ከፍተው፣ ሁሉም በሚያየው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ምስሉ ተንቀሳቀሰ።

«ኪምሻን፣ አላየሁም አላልክም?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አራት ጊዜ አይቼዋለሁ!» ብለው ጮኹ። «ያቺ ተዋጊ አሻንጉሊት አየር ላይ ስትገለበጥ ሰውዬው እጁን የት እንደሚያደርገው እስካሁን አልገባኝም። አሁን ዝም በሉ፣ እየመጣች ነው።»