ማቀዝቀዣውን የሚያሳርፈው ሹፌር

ሹፌሩ ጡረታ ከወጣ ስምንት ወር ሆኖታል፤ እጁ ግን ገና ጡረታ አልወጣም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ አንድም ቀን ሞተር ተቃጥሎበት አያውቅም። ለምን ቢባል ያሳርፋላ! ጥላ ፈልጎ ያቆማል፣ ያጠፋል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ያናፍሰዋል። ጓደኞቹ ቢስቁበትም ከዚህ ልማዱ ንቅንቅ አይልም ነበር።

እቤት መዋል ሲጀምር ታዲያ ዓይኑ ያረፈው ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ምስኪን፣ ቀን ከሌት ሲያጉረመርም ይውላል፣ ያድራል፤ አይዞህ የሚለው እንኳ የለም። አንጀቱን በላው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ረፋዱ ላይ ወደ ሱቋ ሄዳ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። እሷ እግሯ ከመውጣቱ እሱ ሶኬቱን ይነቅላል፤ የላዩንም የታቹንም በር ገርበብ አድርጎ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያናፍሰዋል። መምጫዋ ሲደርስ መልሶ ይሰካል፣ የተንጠባጠበውን ውሃ በመወልወያ ጥርግ ያደርግና እግሩን ሰቅሎ ጋዜጣ ያነባል። ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። የሞተር ነገር ለእሷ አይገባትም ባይ ነው፤ ይቅር ይበለውና። እሷ የዋህ ደግሞ የወለሉን ንጽሕና እያየች "ጡረታ ልብ ሰጠው" ብላ ለጎረቤት ታወራለታለች።

ሴትዮዋ በማቀዝቀዣ አቀማመጥ የምትታማ አይደለችም። ጥሬ ሥጋ ደሙ ሌላው ላይ እንዳይንጠባጠብ በክዳን ዕቃ ሆኖ ከታች ነው ቦታው። የበሰለው ከላይ። ሾርባ በትልቅ ድስት አይገባም፤ ቶሎ እንዲበርድ በትንንሽ ዕቃ ይከፋፈላል። ከሱቋ በምታመጣው ቁራጭ ጨርቅ ላይ ቀኑን በክር ትጠልፍና ክዳኑ ላይ ታስራለች። ቀኑ ያለፈበትን ያለ ርኅራኄ ትጥላለች። እንዲህም ሆኖ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወተቱ ይጎመዝዛል፣ ሾርባው ይሸታል። መጀመሪያ ወተት ሻጩን ተጣላችው። ቀጥሎ ሥጋ ሻጩን። ሹፌሩ ደግሞ "ዘንድሮ ሰው ሁሉ አጭበርባሪ ሆኗል" እያለ ያግዛታል።

ነገሩ የከረረው በልጃቸው በኩል ነው። ነፍሰ ጡር ናት፤ ለመውለድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ወላጆቿ ቤት መጥታ ልትወልድ ክፍሏ ከተቀባ፣ የሕፃን ልብስ ተሰፍቶ ከተደረደረ ቆይቷል። ሁለት እሑድ ምሳ በልታ፣ ከማቀዝቀዣው የወጣ የወተት ጣፋጭ ቀምሳ ሄደች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሆዷን ታማ ሐኪም ቤት ገባች። ማክሰኞ ጠዋት ደወለችና "እማዬ፣ አትቀየሚኝ፣ አማቴ ጋ ብወልድ ይሻላል" አለች። እናት "እሺ የኔ ልጅ" ብላ ስልኩን ዘጋች። የዚያን ቀን ሱቋን አልከፈተችም፤ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ አስጠራች።

ጠጋኙ መሣሪያውን ተሸክሞ መጣ። ቴርሞሜትሩን አንዴ ላይ፣ አንዴ ታች ከትቶ ጠበቀ።

"እናቴ፣ ይሄ ዕቃ ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ነው" አለ። "ታቹ ሦስት ዲግሪ፣ በረዶ ቤቱ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት። አቀማመጥዎም ቢሆን... እንዲህ የሚያስቀምጥ ሰው አይቼ አላውቅም።"

ቀጥሎ ከበረዶ ቤቱ የአተር ከረጢት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ኳ አደረገው። አተሩ ፍሬ ፍሬ አልነበረም፤ አንድ ድንጋይ ሆኗል።

"ቀልጦ ነው እንደገና የረጋው" አለ። "መብራት እየጠፋባችሁ ነው?"

"ኧረ አንድም ቀን!" አለች።

"እንግዲያው በሩ ተከፍቶ ይቆያል። ብርድ ጀርሙን አይገድለውም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ሲሞቅ ነቅቶ ይራባል፣ ይባዛል። መልሰው ቢያቀዘቅዙት ያው ተባዝቶ ነው የሚተኛው። አባባ፣ እርስዎ እቤት ይውላሉ አይደል? ያዩት ነገር የለም?"

የሹፌሩ ጆሮ እንደ ምድጃ ጋለ። እስቲ ጠጋኙ ይሂድ፣ ከዚያ በዘዴ እነግራታለሁ ብሎ አሰበ። የሚያስበው ለራሱ ክብር ነበር፤ እውነቱ ይሄው ነው።

ሚስቱ ግን በርጩማዋ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"እኔ ነኛ" አለች። "ከፍቼ እየረሳሁ ነው የምሄደው። ባለፈውም መቀሴን ኪሴ ከትቼ ቀኑን ሙሉ ስፈልገው ዋልኩ። ልጄ እውነቷን ነው። ሕፃን የሚያሳቅፉኝ ሰው አይደለሁም በቃ።"

ይህንን መስማት አልቻለም። በሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ ላይ ያየው አደጋ ሁሉ እንዲህ አላስደነገጠውም።

"እኔ ነኝ!" አለ፣ ጮክ ብሎ። "እኔ ነኝ የምነቅለው። ሞተሩ እንዲያርፍ ብዬ። በሩንም የምከፍተው እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አልረሳሽም።"

ጠጋኙ ቴርሞሜትሩን ኪሱ ከተተ። "አባባ፣ ይሄ እኮ ራሱ ነው የሚያርፈው! በቃኝ ሲል ያጠፋል፣ ሲሞቀው ይነሳል" አለና ሳቁን ለመደበቅ ማቀዝቀዣው ውስጥ አንገቱን ቀበረ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "ወተት ሻጩን ሌባ ስለው አብረኸኝ ስትሳደብ ነበር እኮ" አለች። "እሱ ጋ ሄደህ ይቅርታ ትላለህ። መጀመሪያ ግን ደውል።"

"ለማን?"

"ለማን ትለኛለህ?"

ደወለ። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ለልጁ ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም፤ ከየት እንደሚጀመርም ስላልገባው ከኮፈኑ ጀመረ። ሶኬቱን ነገራት፣ መወልወያውን ነገራት፣ አንዲት ነገር አላስቀረም። ከወዲያ በኩል ልጅቷ ስቅስቅ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"አባዬ፣ እኔ እኮ እማዬ አርጅታ መስሎኝ ነው! ምግቡ እየተበላሸባት የማይታወቃት መስሎኝ... አራስ በመጠበቅ ላድክማት? እንዴትስ ብዬ ልንገራት? አማቴ ጋ ብሄድ አይከፋትም ብዬ ነው።"

"እንዴት አይከፋኝም!" አለች እናት ከርጩማዋ ብድግ ብላ። "መቼ ነው የምትመጪው?"

"ነገ ልምጣ?"

"እስከ ነገ ድረስ ምን ትሠሪያለሽ? ዛሬ ነይ!"

ስልኩ ሳይዘጋ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ሾርባውንም፣ ሥጋውንም፣ ወተቱንም እያወጣች ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ትከተው ጀመር። ሹፌሩ መጣያውን ደግፎ ያዘላት። ዕቃዎቹ ሁሉ ባዶ ሆኑ።

"አላረጀሁም" አለች በመጨረሻ፣ እየሳቀች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። "ሰማህ? አላረጀሁም!"